በሌላው የድካም ቦታ መዝናናት ይገባልን?



ከዱብሉቅ ተነሥቶ ወደ ሶዳ መንደር የሚጓዝ ሰው ሜዳው በድንገት ሲያልቅና ምድሪቱ ከእግሩ ሥር ተከፍታ ጥልቅ ጕድጓድ ስትሆን ያያል። በጕድጓዱ ወለል ላይ ጥቁር ሐይቅ ተኝቷል፤ ገደሉ ዙሪያውን እንደ ቅጥር ከብቦታል፤ በዳርቻው የደረቀው ጨውም ነጭ ጥለት መስሎ ይታያል። ይህ ስፍራ ኤል ሶድ ይባላል፤ ከሩቅ የሚመጡ እንግዶችም «የጨው ቤት» በሚል ስም ያውቁታል።

ሐይቁ የእሳት ሥራ ነው። ከምድር ውስጥ የሚወጣ የቀለጠ ዐለት ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ሲገናኝ፣ ውኃው በቅጽበት እንፋሎት ይሆንና በላዩ ያለውን ዐለት አፈንድቶ ይበትነዋል፤ በስፍራውም እንዲህ ያለ ጥልቅ ጕድጓድ ይቀራል። ወደ ኤል ሶድ የገባ ውኃ መውጫ የለውም። ፀሐይ ውኃውን ትወስደዋለች፣ ጨውን ግን ትታው ትሄዳለች። በብዙ ሺህ ዘመናት የተጠራቀመው ያ ጨው ዛሬ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነው።

ወደዚህ ስፍራ ሰዎች በሁለት ምክንያት ይመጣሉ፤ አንዳንዶች ሊያዩት፣ ሌሎች ሊሠሩበት። ሊያዩት የሚመጡት ከገደሉ አፋፍ ላይ ቆመው ያደንቃሉ፣ ፎቶግራፍ ያነሣሉ፣ ምሳቸውን በልተው ይመለሳሉ። ሊሠሩበት የሚመጡት ግን በጠመዝማዛው መንገድ ከአህዮቻቸው ጋር ወደ ታች ይወርዳሉ። ልብስ በጨው ውኃ ስለሚበላ ራቁታቸውን ይገባሉ። አፍንጫቸውንና ጆሯቸውን ደፍነው ይጠልቃሉ፤ የሐይቁን ወለል በረጅም እንጨት ፈንቅለው ጥቁሩን ጨዋማ ጭቃ በእጃቸው ያወጣሉ። ጥቁሩ ለከብት ይሆናል፣ ነጩ ለሰው ምግብ። ውኃው ዐይን ያቃጥላል፣ ቆዳ ይልጣል፣ ጆሮ ይጎዳል። ከዚያ በኋላ ጨው የተጫኑትን አህዮች እየነዱ ያንኑ ገደል ይወጣሉ፤ ለእንደ እኛ ዓይነቱ ባዶ እጁን ለሚሄድ ሰው እንኳ ትንፋሽ የሚያሳጣ ዳገት ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ አንዱ የሚደክምበትን ስፍራ ሌላው መዝናኛው ሊያደርገው ይገባልን? ጥያቄውን ያነሣሁት ከመጽሐፍ አግኝቼው አይደለም፤ በራሴ ጥፋት የተማርሁት ነው።

የአንድ ቀን ሽርሽር

ባለፈው ዓመት ከትንሣኤ በዓል ማግስት የትምህርተ ክርስቶስ ተማሪዎቻችንን ለሽርሽር ወደ ሶዳ ወሰድናቸው። ዳቦና ሻይ ይዘን፣ ኳስም አልረሳንም። ልጆቹ ጾሙንና የበዓሉን አገልግሎት በትጋት የፈጸሙ ስለ ነበሩ አንድ ቀን ደስ ይበላቸው ብለን ነው። አሳባችን ክፉ አልነበረም።

ከአፋፉ እንደ ደረስን ልጆቹ ወደ ታች ይመለከቱ ጀመር። ከመካከላቸው ስልክ የያዘ አንዱ፣ ምስሉን አቅርቦ፣ ከውኃው የሚወጣ ራቁቱን የሆነ ሰው ፎቶግራፍ አነሣ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ሣቅም ሆነ። እኔም ሣቁን ሰምቻለሁ። በዓል ነው፣ ልጆች ናቸው ብዬ ዝም አልሁ። በዚያን ጊዜ ዐሥራ አራት ዓመት የሚሆነው አንድ ልጅ ከሌሎቹ ተለይቶ፣ ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ፣ ከግራር ሥር ተቀምጦ ነበር። ዳቦውንም አልበላ። ሕመም የተሰማው መስሎኝ ውኃ ሰጠሁት። ወደ ቤት ስንመለስ ጓደኛው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «አባቱ ታች ነበሩ» አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ስኳርና ሻይ ቅጠል ይዤ ይቅርታ ልጠይቅ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። አባትየው በክብር ተቀበሉኝ። የነበሯቸውን ከብቶች ድርቁ ጨርሶባቸዋል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረና ምድር አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ መቅረታቸውንና ስንቱን ባለ ከብት ባዶ እጁን እንዳስቀሩት አንባብያን ታስታውሳላችሁ። እርሳቸውም በወጣትነታቸው ትተውት ወደ ነበረው ወደ ጨው ሥራ የተመለሱት ከዚያ ወዲህ ነው። የመጣሁበትን ጉዳይ ስነግራቸው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ እንዲህ አሉኝ፦

«ሐይቁን በማየታችሁ አልተቀየምሁም፤ እግዜር የሠራውን ማየት ነውር የለውም። ነገር ግን ልጄ ከዚያ ቀን ወዲህ አህዮቹን ይዞ ከእኔ ጋር አልወርድም አለ። ያፈረው በእኔ ሥራ ነው። ያሳደገው ግን ይኸው ሥራ ነው።»

ልወጣ ስነሣ ደግሞ፣ ወቀሳ በሌለበት ድምፅ፣ «በዚያ መንገድ ስንት ዓመት ወርጄበታለሁ፤ ከላይ ተቀምጬ ሐይቁን አይቼው ግን አላውቅም። ያማረ ነው ይላሉ» አሉኝ። እነዚህን ሁለት ንግግሮች እስከ ዛሬ ከልቤ ማውጣት አልቻልሁም። ይህን ጽሑፍ ያጻፉኝም እነርሱ ናቸው።

መዝናናት ኃጢአት ነውን?

ከዚህ ዓይነቱ ነገር በኋላ የሚመጣ ፈጣን ፍርድ አለ። «ድሀ እየደከመ መዝናናት ኃጢአት ነው፤ ሽርሽር የጥጋበኞች ነገር ነው» የሚል ነው። ይህ ፍርድ ቅን ይመስላል፣ ነገር ግን ትክክል አይደለም። ሰው ለሥራ ብቻ አልተፈጠረም። የተፈጥሮን ውበት በዝምታ መመልከት፣ ከወዳጅ ጋር በሜዳ መቀመጥ፣ አካልን በጉዞ ማደስ ለሰውነት የሚገባ ነገር ነው፤ ይህን የነፈግነው ሰው ቢኖር በደልነው እንጂ አላጸደቅነውም።

ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊን እናስብ። ገና ወጣት ካህን ሳሉ ተማሪዎችን ይዘው ወደ ተራራና ወደ ሐይቅ መሄድን ይወድዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1958 ረዳት ጳጳስ ሆነው መመረጣቸው ሲነገራቸው፣ የተጠሩት በፖላንድ የማዙሪያ ሐይቆች አካባቢ ከወጣቶች ጋር በታንኳ ከሚጓዙበት ሽርሽር ላይ ነው፤ ዜናውን ከሰሙ በኋላም ወደ ታንኳው ተመልሰዋል። እነዚያ ሐይቆች በጥንቱ የበረዶ ዘመን ምድርን ሸፍኖ የነበረ ግግር በረዶ ሲቀልጥ የተዋቸው ናቸው። በአገራችንም እንዲህ ያለ ሐይቅ አለ፤ በባሌ ተራሮች ውስጥ፣ ጥንት ግግር በረዶ በጠረበው ጎድጓዳ ስፍራ ላይ የሚገኘው ገርባ ጉራቻ ነው፤ ትርጓሜውም ጥቁር ባሕር ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. መግቢያ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጎብኚዎችን ወደ እንዲህ ያሉ ስፍራዎች ይጋብዛል። ብርድ የሠራው የባሌ ሐይቅና እሳት የሠራው የሶዳ ሐይቅ ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም ውብ ናቸው። ውበታቸውን ማድነቅም ምስጋና እንጂ ስንፍና አይደለም።

ይሁን እንጂ ያ በታንኳ ይዝናና የነበረው ካህን ከዚያ ቀደም ምን እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም። አገራቸው በናዚ ጀርመን በተያዘችበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1940 ጀምሮ በድንጋይ መፍለጫ ስፍራ፣ ቀጥሎም በሶልቬይ የሶዳ ፋብሪካ የጉልበት ሠራተኛ ነበሩ። በኋላ በ1981 ስለ ሰው ሥራ ሐዋርያዊ መልእክት ሲጽፉ፣ በ1998 ደግሞ ስለ ሰንበት ሲያስተምሩ፣ ስለ ድካምም ስለ ዕረፍትም የተናገሩት ሁለቱንም በሥጋቸው አውቀው ነው። ዕረፍት ምን ያህል ውድ እንደ ሆነ የሚያውቅ ሸክምን የሚያውቅ ነውና።

ዕረፍቱ የማን ነው?

እንግዲህ ችግሩ መዝናናቱ ካልሆነ ችግሩ ወዴት ነው? ችግሩ የዕረፍት አከፋፈል ላይ ነው። የግሪኩ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ የምንሠራው ለማረፍ እንደ ሆነ፣ የሰውም ከፍተኛ ደስታ በዚያ ዕረፍት ውስጥ በሚደረግ ማስተዋል እንደሚገኝ አስተምሯል። አሳቡ የከበረ ነው። ነገር ግን ያ ማስተዋል ለጥቂቶች ይደላ ዘንድ ባሪያዎች ይደክሙ ነበር፤ ፈላስፋውም ይህን እንደ ተፈጥሮ ሥርዓት ቈጥሮ ተቀበለው። ከላይ ሆኖ ሩቅ ያየው ሰው ከእግሩ ሥር ያለውን አላየም። «የጠገበ የራበው ያለ አይመስለውም» እንዲሉ ነው።

ክርስቲያኖችም ብንሆን ከዚህ ጉድለት ነጻ አልነበርንም። ንጉሠ ነገሥት ቈስጠንጢኖስ እ.ኤ.አ. በ321 ዓ.ም. የእሑድን ዕረፍት በሕግ ሲያውጅ፣ ዳኞችና የከተማ ሰዎች እንዲያርፉ አዘዘ፤ በእርሻ ላይ ያሉት ግን ሥራቸውን እንዲቀጥሉ ፈቀደ። ከተማው አረፈ፣ ገጠሩ ሠራ። ዛሬም ነገሩ ብዙ አልራቀም። የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለተቀጠረ ሠራተኛ በሳምንት ከ24 ሰዓት ያላነሰ ያልተቋረጠ ዕረፍት ይሰጠዋል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን በኤል ሶድ ለራሱ የሚጠልቅ ሰው አሠሪ የለውም፤ ዕረፍት የሚሰጠው፣ ቢታመምም የሚጠይቅለት የለም። አሠሪው የነገው ዱቄት ነው።

ቅዱስ መጽሐፍ የዕረፍትን ነገር የሚያየው በሌላ መንገድ ነው። የሰንበት ሕግ «ዕረፍ» ብሎ አያበቃም፤ የሚያርፉትን እየቈጠረ ይዘረዝራል፦ ልጅህ፣ አገልጋይህ፣ መጻተኛው። በሬውና አህያውም እንኳ ሳይቀሩ ተጠርተዋል (ዘጸ. 23፥12)። በኦሪት ዘዳግም ደግሞ ምክንያቱ ተሰጥቷል፤ እስራኤል ራሱ በግብፅ ባሪያ እንደ ነበረ እንዲያስብ ነው (ዘዳ. 5፥14-15)። በሶዳ ገደል ጨው ተጭና ስትወጣ ያያትን አህያ የሚያስታውስ ሰው፣ ይህ ሕግ አህያን በስም መጥራቱ ለከንቱ እንዳልሆነ ያስተውላል። በዚህ ሕግ መሠረት ዕረፍት ሌላው ሳይኖረው ብቻዬን የምይዘው ንብረት አይደለም። እኔ ሳርፍ ከእኔ በታች ያለው ማረፍ ካልቻለ ዕረፍቴ ገና ጎዶሎ ነው።

በሐይቅ ዳር የሆነ ነገር

ወንጌላዊው ማርቆስ የሚነግረን አንድ ታሪክ ለጥያቄያችን በጣም የቀረበ ነው (ማር. 6፥30-34)። ሐዋርያት ደክመው ነበር፤ ለመብላት እንኳ ጊዜ አጥተዋል። ጌታም ወደ ምድረ በዳ ለብቻቸው ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ ነገራቸው፤ በታንኳም ሐይቁን ተሻገሩ። ሲደርሱ ግን ስፍራው ሰው ሞልቶበት ጠበቃቸው። ጌታም ሕዝቡን አይቶ አዘነላቸው።

በዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮችን እናስተውል። አንደኛ፣ ዕረፍት መፈለጋቸው አልተነቀፈም፤ እንዲያውም ያዘዛቸው እርሱ ራሱ ነው። ሁለተኛ፣ ባሰቡት የዕረፍት ቦታ ሰው ባገኙ ጊዜ፣ ሰዎቹ የመልክዓ ምድሩ ክፍል ወይም የዕረፍት መሰናክል ሆነው አልተቈጠሩም። ታዩ፤ መታየታቸውም ርኅራኄን ወለደ። እኛ ደግሞ ከሶዳ አፋፍ ላይ ያደረግነው የዚህን ተቃራኒ ነው። ሰውን አየን፣ ግን እንደ ትርኢት አየነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ ጋራ ቤታችን በጻፉት መልእክት፣ የእሑድ ዕረፍት ዐይናችንን እንደሚከፍትና ለሌሎች መብት እንደ አዲስ ንቁዎች እንደሚያደርገን አስተምረዋል። እንግዲህ የመዝናናት መለኪያው ይህ ይመስለኛል፦ ከሽርሽር ስመለስ በዚያ ያለውን ሰው ከቀድሞው አብልጬ አይቼዋለሁን ወይስ አሳንሼዋለሁ?

«ገንዘብ እንከፍላለን» የሚል መልስ ሊነሣ ይችላል። መክፈል ተገቢ ነው፤ ለመንደሩም ይጠቅማል፤ ለአስጎብኚውና ለጠባቂው እንጀራ ነው። ነገር ግን ክፍያው ገደሉን ለማየት እንጂ የሰውን ገላ ለመግዛት አይደለም። ልብሱን ያወለቀው ውኃው ስላስገደደው ነው፤ ለእኛ ካሜራ ብሎ አላወለቀም። «እንግዲያውስ ጎብኚ አይምጣ» የሚልም ይኖራል። ይህም አይጠቅምም። ሠራተኛውን ከዐይን መሰወር ክብር አይሰጠውም፤ ይበልጥ ያስረሳዋል።

በዚሁ በዱብሉቅም የሚታይ ሌላ ምሳሌ አለ። ዱብሉቅ የቦረና ዘጠኙ የቱላ ጕድጓዶች ከሚገኙባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። ወንዶች በጥልቁ ጕድጓድ ውስጥ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው ውኃውን በእጅ እየተቀባበሉ ያወጣሉ፤ ሲያወጡም ይዘምራሉ። እንግዶች «የሚዘምሩ ጕድጓዶች» ብለው ለመስማት ይመጣሉ። ዜማው በእርግጥ ያማረ ነው። ነገር ግን ዜማው እጅን ከእጅ የሚያስተካክል፣ ከብቱንም ወደ ገንዳው የሚጠራ የሥራው አካል ነው። ማን በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ተራ እንደሚያጠጣ የሚወስን ሥርዓትና የሚጠብቅ ኀላፊ አለው፤ ለተጠማ መንገደኛም የሚጠጣው ውኃ አይከለከልም። ዜማውን ብቻ ሰምቶ የሄደ እንግዳ ጥቂት ነገር ይዞ ሄደ። ስለ ተራውና ስለ ሥርዓቱ የጠየቀ ግን ቦረናዎች ሰላም ሲሉ ምን ማለታቸው እንደ ሆነ ተማረ።

ለመምህራንና ለወላጆች

ከዚህ ሁሉ በመነሣት፣ ልጆችን ይዘው ለሚጓዙ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ጥቂት ነገር ለማሳሰብ እወድዳለሁ። ከመሄዳችሁ በፊት ስፍራው የማን መሆኑን፣ ማን እንደሚሠራበትም ጠይቁ። ከልጆቻችሁ መካከል የማን ወላጅ በዚያ እንደሚውል እወቁ፤ እኔ ይህን ሳልጠይቅ ቀርቼ ነው አንድን ልጅ በአባቱ ያሳፈርሁት። የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ እንዳይነሣ፣ ራቁቱን ሆኖ የሚሠራ ሰውማ ፈጽሞ እንዳይነሣ ንገሯቸው። ከሚሠሩት አንዱን ሥራውን እንዲያስረዳ ጋብዙ፤ ለሰዓቱም ዋጋ ክፈሉ። ልጆቹ በቤታቸው የሚላሰው ጨው ከየት እንደሚመጣ፣ በምን ድካም እንደሚወጣ ይስሙ። ከሁሉም በላይ መምህር ሣቅን ሰምቶ ዝም አይበል። ዝምታው ትምህርት ነውና።

እኛም ዘግይተንም ቢሆን ይህን ለማድረግ ሞክረናል። ከጥቂት ወራት በኋላ በአንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ እኚያን አባት ለምነን ከልጆቹ ጋር ወደ አፋፉ ሄድን። ፎቶግራፍ ያነሣው ልጅ አስቀድሞ ይቅርታ ጠይቋል፤ ምስሉንም በፊታቸው አጥፍቷል። አባትየው ጥቁሩ ጨው ከየትኛው ወገን እንደሚወጣ፣ ትንፋሽ እንዴት እንደሚያዝ፣ አህያ በየትኛው ጥምዝ ላይ ማረፍ እንዳለባት ለልጆቹ አስረዱ። ጥያቄው በዛ፤ ልጆቹ ከቅርጫት ኳስም ከእግር ኳስም ይልቅ ይህን ወደዱ። ልጃቸው በአጠገባቸው ተቀምጦ ነበር፤ ብዙ አልተናገረም፣ ግን ጀርባውን አላዞረም።

በመጨረሻ ሻይ ቀርቦላቸው ለብቻቸው ተቀምጠው ወደ ታች ሲመለከቱ አየኋቸውና ጠጋ ብዬ «ሐይቁ እንዴት ነው?» አልኋቸው። እርሳቸውም እጃቸውን ወደ ገደሉ ዘርግተው «ያ ጥምዝ ተንዷል፤ ከታች ሆኜ አይታየኝም ነበር። ሰኞ አህዮቹ ሳይወርዱ መጠገን አለበት» አሉኝ።

በአንድ እሑድ የዓመታት ሸክም ከሰው ዐይን ላይ አይነሣም። ከእኛ መካከል ማናችንም ለእርሳቸው ዕረፍትን ሰጥተናል ልንል አንችልም። ነገር ግን ያንን ጥምዝ በማግስቱ ሊጠግኑ ሲወርዱ፣ ልጃቸውና ሌሎች ሦስት ተማሪዎች ዶማ ይዘው አብረዋቸው ወርደዋል። በሌላው የድካም ቦታ መዝናናት ይገባልን ለሚለው ጥያቄ፣ ከዚህ የተሻለ መልስ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።